የረቡዕዋ ሴትና ታላቅ እህት

ከጡረታ በኋላ የሰው ቀጠሮ ሁሉ ከሐኪም ጋር ይሆናል። እኔም በየሦስት ወሩ የደም ግፊቴን ለመለካት ሆስፒታል እመላለሳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልብንና ደም ሥርን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ዛሬ ክንዴን ለነርስ ዘርግቼ «ስንት ገባ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ረቡዕ ጠዋት ተለክቼ ስወጣ ዋናውን መተላለፊያ ቀለም ይቀቡት ስለነበር በሌላ በኩል ዞሬ እንድወጣ ነገሩኝ። በዚያ በማላውቀው በኩል ስሄድ፣ ከአንድ የተዘጋ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ የሕንጻችንን ልብስ ሰፊ ተቀምጣ አገኘኋት።

ይህች ሴት ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ትኖራለች፤ ሱቋም እዚያው ምድር ቤት ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ስለምትውል አንዳንዴ ረስታው መንገድ ትወጣለች፤ ያን ዕለትም አንገቷ ላይ ነበር። የሰውን ትከሻ በዓይኗ ትለካለች፣ በምላሷ ታስተካክላለች። «ኮትዎ አልጠበበም፣ መምህር፤ የሰፉት እርስዎ ነዎት» ብላኝ ታውቃለች።

አሟት እንደሆነ ጠየቅኳት። እሷ ደህና መሆኗን ነግራኝ በአገጯ ወደ በሩ አመለከተች። ወንድሟ ውስጥ ነበር። አጠገቧ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ሰዓት ሙሉ ከምታክመው ሴት ጋር ይቀመጣል፣ መምህር። ከእኔ ጋር እንዲህ የተቀመጠበትን ቀን አላስታውስም» አለችኝ። ወዲያው ከውስጥ የሳቅ ድምፅ መጣ። አጭር ነበር፤ የእሱ መሆኑን ግን እኔም ለየሁት። ልብስ ሰፊዋ እጇ ላይ መርፌ እንደተሰካባት ሰው ፊቷን አጨፈገገች። እኔ ቤት ከሳቀ አራት ወሩ ነው፣ አለች።

ብዙ ዓይነት ሕመም በሰው ፊት ላይ አይቻለሁ። ይህኛው ግን ሐኪም የሚለካው አልነበረም። ቅናት የባልና የሚስት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን፤ አሳዳጊ በልጇ ላይ የምትቀናውን ቅናት የሚያህል ግን የለም። ያኛው አፍሮ ይደበቃል፤ ይህኛው የፍቅርን ካባ ደርቦ በአደባባይ ይሄዳል።

ነገሩን የነገረችኝ እዚያው ወንበር ላይ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ ዘጠኝ፣ እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር። የሚያገባት ሰው መጥቶ «ልጁን ለዘመድ ስጪው» ሲላት፣ ሰውየውን መለሰችው እንጂ ልጁን አልሰጠችም። ስፌት እየሰፋች አስተማረችው። ዛሬ በውሃ መሥሪያ ቤት ንድፍ ክፍል ውስጥ የቧንቧ መስመር ንድፍ ይሠራል። እጁ ቀጥ ያለ፣ አፉ ቁጥብ የሆነ ወጣት ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍ ራቀው፣ ምግብ አስጠላው፣ ሥራ ላይ ተቀምጦ አንድ መስመር ሳያሰምር ይውል ጀመር። አንድ ቀን ከማዶው ጠረጴዛ የሚሠራው ባልደረባው ምን እንደሆነ ጠየቀው። እሱም መኖር እንደደከመው፣ ራሱን ስለማጥፋት እንደሚያስብ ነገረው። ባልደረባው ሌላ ነገር ሳይናገር ኮቱን አንሥቶ ወደዚህ ሆስፒታል ይዞት መጣ።

«ለማዶው ጠረጴዛ ነገረው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለእኔ ግን ‹ትንሽ አሞኝ እየታከምኩ ነው› ብቻ።»

እውነቱን ያወቀችው በኮቱ ነው። ገበሩ ተተርትሮ እንድትጠግንለት ሰጣት፤ በውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ሐሳቡ ሲበረታበት የሚያደርገው ተጽፎበታል፦ ከክፍሉ ወጥቶ ሰው ወዳለበት መሄድ፣ ለባልደረባው መደወል፣ ካልሆነ ለአእምሮ ሕክምናው ክፍል መደወልና የምታክመውን ባለሙያ መጠየቅ። ከሥሩ ስልክ ቁጥሮች አሉ፤ የቀረውን ነገር ኋላ ለባልደረባው ደውላ ነው የሰማችው። ልብስ ሰፊዋ ስሟን ከላይ እስከ ታች ፈለገችው። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየች። የለችበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለሙያዋን ሳታያት «የረቡዕዋ ሴት» አለቻት። ወንድሟ ረቡዕ ረቡዕ ጢሙን ተላጭቶ መውጣቱን፣ ሲመለስም «እሷ እንዲህ ትላለች» ማለቱን ቆጠረች። ዛሬ ደግሞ ተከትላው መጣች።

በሩ ተከፍቶ ወንድሟ ወጣ። እህቱን ሲያይ የነበረው ብርሃን ከፊቱ ጠፋ። «እትዬ፣ ተከትለሽኝ ነው?» አላት። መልስ ሳይጠብቅ ለእኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና ሄደ። እሷ ግን አልተከተለችውም። «መምህር፣ ይግቡልኝ፤ ምስክር ይሁኑኝ» ብላ በክንዴ እየጎተተች ወደ ክፍሉ አስገባችኝ።

የረቡዕዋ ሴት ከሠላሳ ብዙም የማታልፍ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የሶፍት ካርቶን፣ የታማሚው ጀርባ በሚሆንበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት። ለእኔ ወንበር ከሌላ ክፍል አመጣችና ማን እንደሆንን በትሕትና ጠየቀችን።

ልብስ ሰፊዋ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሚልሽ ማወቅ አለብኝ» አለች።

«እትዬ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደተናገረ ያለ ራሱ ፈቃድ ለማንም አልናገርም። ማን እዚህ እንደሚመጣም ጭምር።»

«‹እትዬ› አትበይኝ። እትዬ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ወስደሽብኛል።»

ባለሙያዋ ቀና ብላ አየቻትና ይቅርታ ጠየቀች። ምን ብላ ልትጠራት እንደምትችል ስትጠይቃትም «ልብስ ሰፊ በይኝ፤ ደንበኛ ሁሉ የሚለኝ ነው» የሚል መልስ አገኘች። ከዚያ በኋላ የተባለውን እንደተባለው መጻፍ ይሻላል፤ በቤታችን ሁሉ የሚነሣ ክርክር ነውና።

«ሰው ሊሞት እያሰበ ምስጢር ይጠበቃል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቤት ሲቃጠል ለባለቤቱ አይነገርም?»

«ይነገራል። የሰው ሕይወት ለአደጋ ቀርቧል ብዬ ካመንኩ ዝም አልልም። ይህን ደግሞ እዚህ የሚመጣ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከእኔ ይሰማል፤ አላታልለውም። ግን ጭስ ባየሁ ቁጥር ከጮኽኩ፣ ሁለተኛ ጭሱን የሚያሳየኝ አይኖርም። ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ይቃጠላል።»

«ጭሱን ከእሳቱ በምን ትለይዋለሽ?»

«በመጠየቅ። ሳላድበሰብስ፣ ነገሩን በስሙ ጠርቼ።»

«‹ራስህን ልታጠፋ ታስባለህ ወይ› ብለሽ?» ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ዞረች። «ይሰማሉ፣ መምህር? የተኛ ነገር ትቀሰቅሳለች። ያላሰበውን ታሳስበዋለች።»

«ያላሰበ ሰው ‹አላሰብኩም› ብሎ ይመልሳል» አለች ባለሙያዋ በዝግታ። «ያሰበ ሰው ግን እስከዚያ ቀን ያን ቃል ለብቻው ተሸክሞት ኖሯል። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያስገባ በብዙ ጥናት ታይቷል። ለብዙ ሰው እንዲያውም እፎይታ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትቆልፉበትም? እዚህ አስገብታችሁ ብትጠብቁት ምን አለበት?»

«የምንጠብቀው ሰው አለ። ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ። የማያስፈልገውን ሰው ከቆለፍንበት ሕይወቱ የእሱ መሆኑን የምንነጥቀው እኛ እንሆናለን፤ ከዚያ ‹ኑርበት› ብንለው በምን ይሰማናል?»

የልብስ ሰፊዋ ቁጣ ባሰ። አንቺ የምታውቂው ስምንት ረቡዕ ነው፣ እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ነው አለቻት። ባለሙያዋ በዚህ ተስማማች። ተስማምታም፣ «ስለዚህ የሚያዩትን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። እኔ ልነግርዎ አልችልም፤ እርስዎ ግን በማንኛውም ቀን ሊነግሩኝ ይችላሉ። የታሰረው አፌ ነው፤ ጆሮዬ አልታሰረም» አለቻት።

ጥሩ ቃል ነበር። ለቀናተኛ ጆሮ ግን ጥሩ ቃል ስድብ ነው። «ልጁን ወስደሽብኝ፣ ደግሞ ወሬውን እኔ ላቀብልሽ?» ብላ ተነሥታ ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የመምህርነት አመሌ መጣብኝ። ባለሙያዋ ልክ መሆኗን፣ ምስጢር ባይጠበቅለት ወንድሟ ወደዚያ ክፍል እንደማይመለስ አስረዳኋት። እስከ ፌርማታችን ሰማችኝና፣ «እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ፣ መምህር፤ እኔ ልጁን አነባለሁ» አለችኝ።

ቤት ስትደርስ ያደረገችውን አንድ በአንድ ልናገር፤ ኋላ ራሷም አልደበቀችውም። የወንድሟን ክፍል በር መወርወሪያ ፈትታ አወጣች። የስፌት መኪናዋን ከሱቅ አስመጥታ ከበሩ ፊት ለፊት ተከለችው። በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ አለቃውን አገኘችና እንዲጠብቁት ለመነች፤ ለምን ሲሏት ሁሉንም ነገረች። በአንድ ቀን ውስጥ ነገሩ ከአለቃው ቢሮ እስከ ዘበኛው ደረሰ። እሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ለሁለት ወር የደከመበትን ንድፍ «አንተ እረፍ» ብለው ለሌላ ሰው ሰጡበት። በሦስተኛው ቀን ሥራ መሄድ አቆመ። የነገረችበት የረቡዕዋ ሴት ትሆናለች ብሎ ጠረጠረ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሲላት አላስተባበለችም። በሚቀጥለው ረቡዕ ሆስፒታል አልሄደም።

በደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ «ዛሬ ቤት ዋለ» አለችኝ። ሎተሪ የወጣላት ሰው መስላለች። ደስታዋ እንደ እሾህ ወጋኝ፤ ግን ጎረቤት ነኝና ዝም አልኩ። ይህ ዝምታዬ ከበደሉ ይቆጠርብኛል።

ሁለተኛውም ረቡዕ አለፈ። ዓርብ ዕለት ወንድሟ መታጠቢያ ቤት ሳለ ስልኩ ጠራ፤ ልብስ ሰፊዋ አነሣችው። የረቡዕዋ ሴት ነበረች። ደህና መሆኑን ብቻ መስማት እንደምትፈልግ፣ እንደደወለችም እንዲነገረው ለመነች። ልብስ ሰፊዋ «ድኗል፤ አያስፈልግሽም» ብላ ዘጋችባት። ለእሱም ምንም አልነገረችውም። ቅናት ሰውን እስከዚህ ያደርሳል፤ የሚወዱትን ሰው ከሚያድነው እጅ ያላቅቁና አሸነፍኩ ይላሉ።

እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው። ተላጭቷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፊቱ ላይ ለወራት ያላየሁት እርጋታ አለ። በእጁ ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚሠራበትን የንድፍ መሣሪያ ሳጥን ይዟል። ለእኔ ሊሰጠኝ መሆኑን፣ ለሚማር ልጅ እንደምሰጥለት፣ እሱ ከእንግዲህ እንደማያስፈልገው ነገረኝ። ለደግነቴ አመሰገነኝ። የቀድሞ ተማሪዬ የተመረቀ ያህል ደስ አለኝ፤ ተሻለው ብዬ አመንኩ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ሳጥኑን ከፈትኩት። ኮምፓሱ፣ ብዕሮቹ፣ ማስመሪያዎቹ ሁሉ ተወልውለው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ሰው የሚወደውን ዕቃ እንዲህ አድርጎ የሚሰናበተው መቼ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ተከትዬው ወጣሁ፤ በረንዳው ላይ ደረስኩበት። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ለልብስ ሰፊዋ በአውቶቡስ ውስጥ ያን ያህል ያስተማርኩ ሰው፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ። የጠየቅኩት ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ነው። እሱም ሰማዩን አይቶ «አይመጣም» ብሎኝ ወደ ቤቱ ገባ። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ወደ ምድር ቤቱ ሱቅ ወረድኩ። ልብስ ሰፊዋ ካውያ እያሞቀች ነበር። እኔ ሳልጀምር እሷ ቀደመችኝና የምሥራች ነገረችኝ። ወንድሟ ዛሬ ተሽሎታል፣ ቁርስ በልቷል፣ እጇንም ስሟታል፤ የእጅ ሰዓቱን ሳይቀር ሰጥቷታል። እኔም የሰጠኝን ነገርኳት። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና ቆመች።

«ደውዪላት» አልኳት።

«እርስዎ ይደውሉ።»

«ያየሽው አንቺ ነሽ። ጆሮዬ አልታሰረም ያለችውም አንቺን ነው።»

ፊቷ ላይ የነበረውን ትግል አይቻለሁ። እዚያች ሴት ፊት መውደቅ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደገ እጅ ተሸነፍኩ ብሎ መዘርጋት ነው። ስልኩን አነሣች። ቁጥሩን ከየት እንደምታገኘው ሳስብ በቃሏ መታችው፤ ያን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ያን ጊዜ ገባኝ። ተረኛው አንሥቶ ባለሙያዋን ካለችበት ፈልጎ አገናኛት።

ልብስ ሰፊዋ ከሰላምታ በፊት ጥፋቷን ነው የተናገረችው። «ዓርብ ዕለት የዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አለች። ሌላውን ሁሉ አስከትላ ነገረቻት። ባለሙያዋ አልወቀሰቻትም። ወንድሟ አሁን የት እንዳለ፣ ብቻውን እንደሆነ ጠየቀቻት። ፈጥና ወደ እሱ እንድትወጣ፣ በግልጽ እንድትጠይቀው፣ አዎ ካለ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን ሳትተወው ይዛው እንድትመጣ፣ አልመጣም ካለም ደውላ እንድትነግራትና ሰው እንደሚላክ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ «ካለቀስኩስ?» ብላ ጠየቀች። የተመለሰላትን አልሰማሁም፤ ግን ራሷን ነቀነቀች።

ወደ ላይ አብረን ወጣን። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ከታች መንገድ ላይ የሚያልፍ መኪና ይሰማል።

«አዎ» አለ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ድምፅዋ አልተሰበረም። «እንደነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» አለችው።

እንደማያውቃት ሴት አያት። «አታለቅሺም?»

«ኋላ አለቅሳለሁ። አሁን ምን ላድርግልህ?»

ያን ጊዜ ያለቀሰው እሱ ነው። እሷም እያቀፈችው ለአለቃው የተናገረችው እሷ እንጂ የረቡዕዋ ሴት አለመሆኗን፣ ስልኩንም የዘጋችው እሷ መሆኗን ነገረችው። ተቆጣ፤ ክንዷን ከትከሻው ላይ ወርውሮ ተነሣ፤ ፊቱ ቀላ። እኔ ግን ያን ቁጣ ሳይ ተጽናናሁ፤ ጠዋት ካየሁት እርጋታ በጣም ይሻል ነበርና። እየተቆጣም ጫማውን አደረገ። በታክሲ ሦስታችንም ሄድን።

የረቡዕዋ ሴት የቤት ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ጠበቀችን። በመጀመሪያ ያናገረችው እሱን ነው፤ እኛን አይደለም። ለጥቂት ቀን እዚህ ቢቆይ ለሕይወቱ እንደሚሻል አስባለች፤ ምክንያቷንም ነገረችው። ማን እንዲጠይቀው፣ ለእህቱ ምን እንዲነገር እሱ እንዲመርጥ አደረገች። ተስማማ፤ በራሱ እጅ ፈረመ። አሥራ አንድ ቀን ቆየ።

በአምስተኛው ቀን ወንድምና እህት ከባለሙያዋ ጋር እንዲነጋገሩ ሲደረግ፣ በሁለቱም ፈቃድ እኔም ተገኘሁ። ልብስ ሰፊዋ ጥያቄዋን ለሳምንታት ስትጀምረው ስትተወው ከርማለች።

«ወረቀቱን አይቼዋለሁ» አለችው። «ለምን አልጻፍከኝም?»

ባለሙያዋ መልሱን ለእሱ ተወችው። «እትዬ» አለ፣ «ከዓመት በፊት ‹ሕይወት ሰልችቶኛል› ብዬሽ ነበር። ታስታውሻለሽ? ደረትሽን እየመታሽ ‹እኔ ምን አጠፋሁ› አልሽ፤ ሦስት ቀን ታምመሽ ተኛሽ። ሦስቱንም ቀን እኔ ሳስታምምሽ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ለአንቺ መንገር ፈራሁ። ያልጻፍኩሽ ስለማልወድሽ አልነበረም። በጣም ስለምትጎጂ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። እኔ ደግሞ እንዲህ አሰብኩ፦ የምንወደው ሰው ሕመሙን ሲነግረን ለቅሷችንን ካስቀደምን፣ ታማሚው እኛን ተሸካሚ ይሆናል። ፍቅራችን ትልቅ ሲሆን የሚያሳርፈው ወንበር ሊሆን ይገባው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ወደ ባለሙያዋ ዞራ፣ ያን ዕለት አልመጣም ቢል ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ጠየቀቻት።

«ያለ ፈቃዱ አመጣው ነበር» አለች ባለሙያዋ። «ለእርስዎም እነግርዎ ነበር። እሱም ይሰማኛል፣ ፊቱ ነው የምናገረው። ይህን ሳደርግ ግን ከእምነቱ ግማሹን አጣለሁ፤ አንዳንዱ ሰው ከዚያ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። ሁልጊዜ ልክ ነኝ አልልም። በሙያችን የሚበልጡን ሰዎችም በዚህ ይከራከራሉ። አንዱ ‹የሰው ፈቃድ አይጣስ› ይላል፣ ሌላው ‹መጀመሪያ ሕይወት ይትረፍ› ይላል። እኔ ሁለቱንም ጆሮዬ ላይ ይዤ ነው የምሠራው። ያን ዕለት እርስዎ ስለደወሉና ስለጠየቁት፣ እሱም እውነቱን ስለተናገረ፣ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ አዳናችሁኝ።»

«ብታስገድጂኝ እጠላሽ ነበር» አለ ወንድሟ። ትንሽ አሰበና፣ «ለመጥላትም ግን መኖር ያስፈልጋል» ብሎ ጨመረበት። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ አልተናገረችም። በማግስቱ ግን መወርወሪያውን መልሳ ገጠመችው። ዕቃ ተሸካሚ ጠርታ የስፌት መኪናዋን ወደ ሱቅ አስወረደች። ወደ መሥሪያ ቤቱም ሄደች፤ አለቃውን ምሕረት ለመጠየቅ ሳይሆን፣ የወንድሟን ሕመም የተናገረችው ያለ ፈቃዱ መሆኑን፣ ሥራውን መንጠቅ ግን መድኃኒት አለመሆኑን ልትነግረው። ይህን ከማድረጓ በፊት ወንድሟን ጠይቃ አስፈቅዳዋለች፤ ይህ በሕይወቷ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ወንድሟ ከሆስፒታል ሲወጣ ከማዶው ጠረጴዛ ያለው ባልደረባው ሊወስደው መጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀን አራት ሰዓት መሥራት ጀመረ። ሳጥኑን መለስኩለት። መጥፎ ቀናት አሁንም አሉት። ግን መጥፎ ቀን መሆኑን ይናገራል፤ እህቱም ስትሰማ ወንበር ስባ ትቀመጣለች እንጂ ደረቷን አትመታም።

ከዚህ ምን እንደተማርኩ ልናገር፤ አስተማሪ ሳይናገር አይሞትም። እንዲህ ያለ ሐሳብ የያዘውን ሰው ነገሩን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ አይገድለውም፤ ዝምታችን ግን ብቻውን ይተወዋል። ምስጢር የሚጠብቅለት ሰው ማግኘቱ ከእኛ መሰረቁ አይደለም። ባለሙያ ምስጢር ሲጠብቅ በሩን ክፍት ያደርጋል፤ ቤተሰብ ያየውን ሲነግር ደግሞ ባለሙያው በጨለማ አይሠራም። መቆለፍ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መንገድ አይደለም፤ የግድ ሲሆን ደግሞ ፊት ለፊት ተነግሮ ይሁን። እኔም እንደገና በረንዳ ላይ ስለ ዝናብ እንዳልጠይቅ ያን ጥያቄ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ጠይቄያለሁ። አንደኛው ሳቀብኝ፤ ሁለተኛው አልሳቀም፤ ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ።

ባለፈው ወር ሱሪ ላሳጥር ሱቁ ገብቼ ነበር። አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ለክታ ከቀድሞው አራት ጣት መቀነሱን አየችና ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ሴትየዋ ምንም እንዳልሆነች ነገረቻት፤ ደግሞም «ልብስ ምን ያደርግልኛል፣ ብዙ አልቆይም» ብላ በቀልድ አለፈችው። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። እኔን ለትንሽ ጊዜ ውጭ እንድጠብቅ ለመነችኝና መጋረጃውን ሳበች። ከመጋረጃው ወዲያ የተባለውን አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም። ሲወጡ ሴትየዋ ዓይኗ ቀልቷል፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የሱቋን በር እየቆለፈች ነበር፤ በሥራ ሰዓት። ሱሪዬ ነገ እንደሚደርስ ነግራኝ አብረው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ። ረቡዕ አልነበረም።

በማግስቱ ሱሪዬን ልወስድ ስገባ የወንድሟን ወሬ ጠየቅኳት። ደህና ነው፣ ባለፈው ረቡዕ ከሆስፒታል ሲመለስ የረቡዕዋ ሴት ያጫወተችውን እየነገራት እራት በልተዋል። ያጫወተችው በጣም የሚያስቅ ነው አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን አልሳቀም።

«አሁንም ትቀኛለሽ?» አልኳት።

ሱሪዬን አጣጥፋ በወረቀት ጠቀለለችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እቀናለሁ እንጂ፣ መምህር» አለች። «ልቅና። እሱ ብቻ ይኑርልኝ።»